ርካሹን መስመር ፍለጋ፦ የቁጥር ትንተና የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ሰው ቁጥር ይደውላል፣ ማዞሪያው (ጥሪዎችን የሚያገናኘው መሣሪያ) ቁጥሩን ያነባል፣ ጥሪውን ማድረስ ከሚችሉት መስመሮች ርካሹን መርጦ ይልካል። ለሙከራ የያዝኩት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ በላዩ የተጫነ አስተሪስክ የተባለ የማዞሪያ ሶፍትዌር፣ ሁለት የጠረጴዛ ስልኮች፣ እንዲሁም የውጭ ድርጅት መስለው ጥሪ የሚቀበሉ ሦስት የሙከራ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹን ሀ፣ ለ እና ሐ ብያቸዋለሁ። አስተሪስክ የራሱ የቁጥር መለያ ደንብ አለው፤ እኔ ግን ውሳኔውን ከእሱ ወስጄ ራሴ ለምጽፈው ፕሮግራም ሰጥቻለሁ። ዝግጁ መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም። ነገሩን በእጄ ካልሠራሁት አይገባኝም።

ዋጋ ዛሬ አልተነሣም። ቀኑ ያለቀው ቁጥርን ወደ አንድ መልክ በማምጣት ነው። ለመለማመጃ የወሰድኩት 020 7946 0018 የሚለውን የለንደን ቁጥር ነው። የብሪታንያው የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ለፊልምና ለድራማ ብሎ ካስቀመጣቸው ቁጥሮች አንዱ ስለሆነ ቢደወል የሚረበሽ ሰው የለም። ይኸው ቁጥር እዚያው ብሪታንያ ውስጥ በ0 ይጀምራል። ከአብዛኛው የዓለም ክፍል ሲደወል 00 44 20 ብሎ ይቀጥላል፤ ከሰሜን አሜሪካ 011 44፣ ከጃፓን 010 44፣ ከአውስትራሊያ 0011 44 ይሆናል። ከሞባይል ስልክ የመደመር ምልክት ቀድሞት ይመጣል። ለፕሮግራሜ ግን ሁሉም 442079460018 መሆን አለባቸው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ኢ.164 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ያስቀመጠው መልክ ይህ ነው፦ ከ1 እስከ 3 አኃዝ የሀገር ኮድ፣ ቀጥሎ የሀገር ውስጥ ቁጥር፣ ሁሉም ተደምሮ ከ15 አኃዝ የማይበልጥ።

«00 ካገኘህ ቁረጥ» የሚለው ደንብ እዚህ ላይ ጉድ ያፈላል። ከአውስትራሊያ የተላከው 0011442079460018 ሁለቱ ዜሮዎች ሲቆረጡለት 11442079460018 ይሆናል። 1 የሰሜን አሜሪካ የጋራ ኮድ ስለሆነ የለንደኑ ጥሪ ወደዚያ ያመራና የሚቀበለው ያጣል። ስለዚህ ትንተናው «ቁጥሩ ምንድን ነው?» ከማለቱ በፊት «የደወለው ከየት ነው?» ማለት አለበት። ትልልቅ ማዞሪያዎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው፤ ለየደዋዩ ቡድን የትንተና መነሻ ነጥብ ይመደብለታል፣ ያው አኃዝ ከሌላ መነሻ ሲገባ ሌላ ትርጉም ይይዛል።

ጣሊያን ለብቻዋ ራስ ምታት ናት። የብዙ አገሮች ቁጥር ወደ ዓለም አቀፍ መልክ ሲቀየር የሀገር ውስጡ መሪ ዜሮ ይወድቃል፤ የሮም 06 ግን ዜሮውን እንደያዘ 39 06 ይባላል። ለእሷ የተለየ ደንብ ጽፌ አለፍኩ።

ማክሰኞ

ዛሬ የቁጥር ዛፉ፣ ማለትም የየቁጥሩ ዋጋ አኃዝ በአኃዝ የሚፈለግበት ሠንጠረዥ፣ ተተከለ። ከዚያ በፊት ግን ጥቂት ወደ ኋላ፣ ምክንያቱም ይህን ዛፍ የምተክልበት ምክንያት ከዚያ ነው የሚነሣው።

በመጀመሪያዎቹ አውቶማቲክ ማዞሪያዎች ቁጥሩ ራሱ መንገዱ ነበር። የቀብር አስፈጻሚ የነበረው አሜሪካዊው አልሞን ስትሮውጀር እ.ኤ.አ. በ1891 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ ወደ ሥራ ሲገባ፣ ደዋዩ የሚያዞረው እያንዳንዱ አኃዝ በብዛቱ ልክ የኤሌክትሪክ ምቶች ሆኖ የማዞሪያውን ክንድ በየምቱ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወይም አንድ እርምጃ ወደ ጎን ያንቀሳቅሰው ነበር። መሣሪያው የተደወለውን አያስታውስም። 4 ሲደወል ክንዱ አራተኛው ረድፍ ላይ ይቆማል፤ በዚያ ረድፍ ያሉት መስመሮች ሁሉ ከተያዙ ወይም ከተበላሹ ሌላ መንገድ የለም። ርካሽና ውድ ብሎ መምረጥ የሚቻለው ማዞሪያው አኃዞቹን መጀመሪያ ተቀብሎ ሲያስቀምጥ፣ ቀጥሎም ሲተረጉም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ለንደን ውስጥ አገልግሎት የጀመረው ዳይሬክተር የተባለው ሥርዓት የሠራው ይህንኑ ነው፤ የቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስት ቦታዎች ይይዝና ደዋዩ ወደማያያቸው የመንገድ አኃዞች ይለውጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በረጅም ርቀት ማዞሪያዎች የገባው የካርድ ተርጓሚ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ደስ የሚለው ነው። ለየአካባቢው ኮድ ቀዳዳ ያለው አንድ የብረት ካርድ አለ። ኮዱ ሲደወል ካርዱ ይወርዳል፤ በቀዳዳዎቹ ያለፈው ብርሃን ጥሪው በየትኛው መስመር እንደሚሄድ፣ ያ ከሞላ ደግሞ በየትኛው እንደሚተካ ይናገራል። የዋጋ ሠንጠረዥ በብረት ተቀርጾ ማለት ነው።

የእኔ ዛፍ እንዲህ ነው። ከሥሩ 10 ቅርንጫፎች ይወጣሉ፣ ከ0 እስከ 9። ከእያንዳንዱ እንደገና 10። ቁጥሩን ከግራ እያነበብኩ አኃዝ በአኃዝ እወርዳለሁ። ዋጋ የተጻፈበት መስቀለኛ ነጥብ ባገኘሁ ቁጥር ያንን እይዛለሁ፣ የቀድሞውን እጥላለሁ። መቀጠል ሲያቅተኝ በመጨረሻ የያዝኩት መልሱ ነው። ረጅሙ ተዛማጅ ያሸንፋል የሚባለው ይህ ነው። ኢ.164 ከ15 አኃዝ ስለማያልፍ በሠንጠረዡ ውስጥ መቶ ረድፍ ይኑር መቶ ሺህ፣ ፍለጋው ከ15 እርምጃ አይበልጥም።

ረቡዕ ማታ

ዛፉን በክፉ ቁጥሮች ፈተንኩት። ሠንጠረዡ ላይ በእጄ የሞላኋቸው ዋጋዎች በደቂቃ የሚቆጠሩ የሙከራ አሃዶች ናቸው፤ ገንዘብ አይደሉም። ለ44 2 አሃድ፣ ለ447 9 አሃድ፣ ለ447624 31 አሃድ።

447700900123 ገባ። 4 ላይ ምንም የለም። 44 ላይ 2 ተያዘ። 447 ላይ 2 ተጥሎ 9 ተያዘ። 4477 ላይ ቅርንጫፉ አለቀ። መልስ 9፣ የብሪታንያ ሞባይል። ቀጥሎ በ447624 የሚጀምር ገባ፤ ሦስት አኃዝ ዘልቆ ከወረደ በኋላ መልሱ 31 ሆነ። ይህ ቁጥር የብሪታንያ ሞባይል ይመስላል እንጂ በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ያለችው «ማን» የተባለች ደሴት (አይል ኦፍ ማን) ቁጥር ነው። ጀርዚና ገርንዚም በ44 ሥር ተጠልለው የሚኖሩ፣ የራሳቸው ኦፕሬተርና የራሳቸው ታሪፍ ያላቸው ደሴቶች ናቸው። አጭር ቅድመ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚሸጥ ሰው እንዲህ ባለው ጥሪ ላይ በየደቂቃው ይከስራል፤ ኪሳራውን የሚያየውም ሒሳቡ ሲመጣ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በየቦታው አለ። 7 ሩሲያ ነው፣ 77 ግን ካዛክስታን። 1 አሜሪካና ካናዳ ብቻ አይደለም፤ 1 876 ጃማይካ ነው፣ 1 242 ባሃማስ። ቫቲካን 379 የሚል የሀገር ኮድ ተመድቦላት ሳለ በተግባር የምትደወለው በሮም ቁጥሮች መካከል በ39 06 698 ነው። የሀገር ኮድ የፖለቲካ ካርታ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ሥራ አይጀምር።

ዓርብ

ቁጥሩ መቼ ነው የሚያልቀው?

ከሞባይል ስልክ ሲደወል ጥያቄው የለም፤ ሰውየው ቁጥሩን ጽፎ ሲጨርስ አረንጓዴውን ይጫናል፣ አኃዞቹ በአንድ ጊዜ ይላካሉ። የጠረጴዛ ስልክ ግን አኃዞቹን አንድ በአንድ ያቀብላል፤ ማዞሪያውም ሌላ ይመጣል ወይስ አይመጣም ብሎ መወሰን አለበት። የቁጥር ርዝመቱ የተወሰነ ሀገር ቀላል ነው። በሰሜን አሜሪካ ቁጥር ከ1 በኋላ 10 አኃዝ ነው፤ አሥረኛው እንደገባ ጥሪው ይነሣል። ጀርመንና ኦስትሪያ ግን ርዝመታቸው የተለያየ ቁጥሮች አሏቸው። እዚያ ያለው መፍትሔ ሰዓት ቆጣሪ ነው። የመጨረሻው አኃዝ ከገባ በኋላ ጥቂት ሴኮንድ ዝም ከተባለ ቁጥሩ አልቋል ይባላል። በዲጂታል የስልክ መስመር ደንብ ውስጥ ይህ ቆጣሪ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ተሰጥቶታል። ጆሮ ላይ የያዘው ሰው 10 ሴኮንድ ጸጥታ ሲሰማ ስልኩ የሞተ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ለየቅድመ ቁጥሩ ዝቅተኛና ከፍተኛ ርዝመት ዛፉ ላይ ጻፍኩ። ከፍተኛው ሲሞላ ወዲያው ይላካል፤ ከዝቅተኛው በታች ከሆነ ይጠበቃል፤ በመካከል ከሆነ ቆጣሪው 4 ሴኮንድ ብቻ ይሠራል። መጠበቅ የማይፈልግ የመሰላል ምልክቱን ይጫን።

የድንገተኛ አደጋ ቁጥሮችን ከዛፉ አወጣኋቸው። ይህ የማመቻመች ጉዳይ አይደለም። 112 ወይም 911 ሲደወል ዋጋ አይታይም፣ መስመር አይወዳደርም፣ ቆጣሪ አይጠብቅም። ወደ ውጭ ለመውጣት 9 በሚጠይቅ የድርጅት ማዞሪያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ የተደናገጠ ሰው 9ኙን ይረሳዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ከአዳዲስ የድርጅት ማዞሪያዎች 911 ያለ ምንም መነሻ አኃዝ በቀጥታ እንዲወጣ አስገድዳለች። እኔም 112ንም 9112ንም፣ 911ንም 9911ንም ከትንተናው በፊት በሚመጣ አጭር ዝርዝር ያዝኳቸው።

ቅዳሜ

በመጨረሻ ዋጋ። ሁሉም ሰው ይህ ክፍል ከባድ ነው ብሎ ይገምታል፤ እውነቱን ለመናገር የፕሮግራሙ አጭሩ ክፍል እሱ ነው። ሦስት ቁጥሮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ምን አለው? ከባዱ የሚደረደረው ቁጥር ምን እንደሆነ መወሰን ነው።

የደቂቃ ዋጋ ብቻውን ይዋሻል። ለአንድ መድረሻ መስመር ለ በደቂቃ 12 አሃድ ያስከፍላል፣ ግን በሴኮንድ እየቆጠረ። መስመር ሐ 9 አሃድ ብቻ ይጠይቃል፣ ግን የሚቆጥረው በሙሉ ደቂቃ ነው፤ የተጀመረ ደቂቃ እንዳለቀ ይታሰባል። የ61 ሴኮንድ ጥሪ በለ ላይ 12.2 አሃድ ነው፤ በሐ ላይ ሁለት ደቂቃ ተብሎ 18። የ20 ሴኮንድ ጥሪ በለ ላይ 4፣ በሐ ላይ 9። የ3 ደቂቃ ጥሪ ሲሆን ደግሞ ይገለበጣል፤ ለ 36፣ ሐ 27። ሦስተኛውን ዓይነት ለመስመር ሀ ሰጠሁት፤ 10 አሃድ በደቂቃ፣ የመጀመሪያው 30 ሴኮንድ ሙሉ ይታሰባል፣ ከዚያ በኋላ በየ6 ሴኮንዱ ይቆጠራል። በ61 ሴኮንዱ ጥሪ 66 ሴኮንድ ተቆጥሮ 11 አሃድ ሆነ፤ ሁለቱንም ረታ።

ችግሩ ማዞሪያው መስመር ሲመርጥ ጥሪው ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ አለማወቁ ነው። ያለው አማራጭ ያለፉትን ጥሪዎች ማየት ነው። ለየመድረሻው የቀድሞ ጥሪዎችን ርዝመት አንድ በአንድ ወስጄ በየመስመሩ የአቆጣጠር ደንብ አስልቼ እደምራለሁ፤ የሚደረደረው ያ ድምር ነው። አማካይ ርዝመትን ወስዶ ማስላት አይበቃም። ግማሾቹ 10 ሴኮንድ፣ ግማሾቹ 110 ሴኮንድ የሆኑ ጥሪዎች አማካያቸው ልክ አንድ ደቂቃ ነው። በአማካዩ ሲሰላ ሐ 9 አሃድ፣ ለ 12፤ ሐ ይመረጣል። ጥሪዎቹ ለየብቻ ሲሰሉ ግን 10 ሴኮንዱ በሐ ላይ 9፣ 110 ሴኮንዱ 18 ነው፤ በአማካይ 13.5። ለ 12 ላይ እንደቆመ ይቀራል።

እሑድ

አንድ ወዳጄ ሠንጠረዡን አይቶ «በወር የተከራየኸው መስመር ቢሆንስ?» አለኝ። ቀኑን በላው።

በወር ኪራይ የተያዘ መስመር ጥሪ ቢያልፍበትም ባያልፍበትም ዋጋው ያው ነው። ስለዚህ ለአንድ ተጨማሪ ጥሪ ዋጋው ዜሮ ነው፤ ነፃ ቦታ እስካለ ድረስ ሁልጊዜ እሱ ይቀድማል፣ ሲሞላ ትርፉ ወደ ደቂቃ ከፋይ መስመሮች ይፈሳል። ስንት ቻናል (በአንድ ጊዜ አንድ ጥሪ የሚይዝ የመስመር ቦታ) መከራየት ያዋጣል የሚለውን የሚመልሰው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው ቀመር ነው። በአንድ ጊዜ በአማካይ 10 ጥሪ የሚፈልግ ትራፊክ ለ10 ቻናል ቢሰጥ፣ ያልለመደ ሰው ልክ ይበቃዋል ይላል። ቀመሩ ከመቶ 21 ያህሉ ጥሪ ቦታ ያጣል ይላል። 15 ቻናል ሲሆን ከመቶ ወደ 4 ይወርዳል።

ለእኔ ግን የጠቀመኝ ሌላ ስሌት ነው። ቻናሎቹን በተራ፣ ሁልጊዜ ከአንደኛው ጀምሮ ነፃ የሆነውን ብናስይዝ፣ አንደኛው ቻናል ከመቶ 91 የሚሆነውን ጊዜ ሥራ ላይ ነው። አሥረኛው 59። አሥራ አምስተኛው 20 ብቻ። የአንዱ ቻናል ኪራይ ያው ስለሆነ፣ በአሥራ አምስተኛው ላይ የሚያልፍ አንድ ደቂቃ በአንደኛው ላይ ከሚያልፈው ከአራት እጥፍ በላይ ውድ ነው። እንግዲህ የኪራዩን ደቂቃ ዋጋ ከደቂቃ ከፋዩ መስመር ጋር እያነጻጸሩ ቻናል መጨመር፤ የመጨረሻው ቻናል ደቂቃ ከውጭው ሲወደድ ማቆም። ኪራይ መስመሩን ሁሉንም ጥሪ እንዲሸከም አድርጎ መግዛት ብክነት ነው፤ እየሞላ እንዲፈስ ተደርጎ ነው የሚገዛው። የድሮ የስልክ መሐንዲሶች በቀጥተኛ መስመርና በመጨረሻ መጠጊያ መስመር መካከል ያደርጉት የነበረውም ይኸው ነው።

ረቡዕ

ርካሹ መስመር ጥሪውን ካልወሰደስ? ዛሬ መስመሮቹን ሆን ብዬ እያበላሸሁ ዋልኩ።

ጥሪ ሲወድቅ ምክንያቱ በቁጥር ተጽፎ ይመለሳል። 17 ተደዋዩ ተይዟል ነው። 1 እንዲህ ያለ ቁጥር የለም ነው። 34 ነፃ ቻናል የለም፣ 38 ኔትወርኩ ከአገልግሎት ውጪ ነው። ደንቡ ከዚህ ይወጣል፦ 34 ወይም 38 ከመጣ ጥፋቱ የመስመሩ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው ርካሽ ይታለፋል። 17 ከመጣ የተያዘው ሰውየው ነው፤ በሌላ መስመር ብንሞክረውም ያው ተይዟል፣ ደዋዩን ማስጠበቅ ብቻ ነው። በኢንተርኔት ስልክ ቋንቋ በሲፕ 34 ወደ 503፣ 17 ወደ 486 ይተረጎማል።

ከሁሉም የከፋው ጨርሶ መልስ የማይሰጥ መስመር ነው። የመስመር ሐን ገመድ ነቅዬ ደወልኩና የመልእክቶቹን መዝገብ ተመለከትኩ። የጥሪው ጥያቄ ተላከ። ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ተደገመ፣ ከዚያ ከ1 ሴኮንድ፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8፣ ከ16 ሴኮንድ በኋላ። ሲፕ ተስፋ የሚቆርጠው 32 ሴኮንድ ሲሞላ ነው። ያን ያህል ጸጥታ የሚታገሥ ደዋይ የለም። በ2 ሴኮንድ ውስጥ «ደርሶኛል» የሚል ምልክት ያልመጣለት ጥሪ ወደ ቀጣዩ መስመር እንዲያልፍ አደረግሁ፤ በተከታታይ እንዲህ የሆነ መስመር ለጥቂት ደቂቃ ከውድድር ይወጣል።

ሐሰተኛ መልስም አለ። ስልኩ ገና እየጠራ ሳለ «ተነሥቷል» ብሎ ቆጣሪውን የሚያስጀምር መስመር በዚህ ሥራ ውስጥ የታወቀ ማጭበርበር ነው። መስመሮችን በተነሡ ጥሪዎች ብዛት ብቻ የሚመዝን ፕሮግራም ይህን አጭበርባሪ አንደኛ ያወጣዋል፤ ያልተነሣ ጥሪ ፈጽሞ የለበትማ! እኔ የማየው ሌላ ነው፦ «ተነሣ» የተባለ ጥሪ በጥቂት ሴኮንድ ተዘግቶ ያው ደዋይ ወዲያው ያንኑ ቁጥር መልሶ ከደወለ፣ ያ መስመር ይጠረጠራል።

ሐሙስ

ሁለት ነገሮች ቀርተው ነበር። አንደኛው ቁጥርን ይዞ ኦፕሬተር የመቀየር መብት ነው። ይህ መብት ባለበት ሀገር ቅድመ ቁጥሩ የሚናገረው ቁጥሩ መጀመሪያ ለማን እንደተሰጠ ነው፤ ዛሬ የማን እንደሆነ አይናገርም። ዛፉ በሚገባ አንብቦ የተሳሳተ ኦፕሬተር ዋጋ ያወጣል። መፍትሔው ወደ ዛፉ ከመግባት በፊት የዝውውር ዳታቤዙን መጠየቅ ነው፤ ቁጥሩ ተዛውሮ ከሆነ የአዲሱ ኦፕሬተር የመንገድ ቁጥር ይመጣል፣ ዛፉ የሚወርደውም በእሱ ነው። ጥያቄው ራሱ ዋጋ ካለው ደግሞ በኦፕሬተሮች መካከል የዋጋ ልዩነት በሌለባቸው ቅድመ ቁጥሮች ላይ ባይጠየቅ ይሻላል፤ ለየቅድመ ቁጥሩ «ይጠየቅ» ወይም «አይጠየቅ» የሚል ምልክት ጨመርኩ።

ሁለተኛው ዙሪት ነው። መስመር ሐ ጥሪውን ለሌላ ይሸጣል፣ ያም ርካሹ እኛ መሆናችንን ያይና መልሶ ለእኛ ይልከዋል። እኛም ርካሹ ሐ ነው ብለን እንልካለን። ሁሉም የራሱን ርካሽ በትክክል መርጧል፤ ጥሪው ግን ይዞራል። ሲፕ ለዚህ በእያንዳንዱ ማለፊያ በ1 የሚቀንስ ቆጣሪ አለው፤ የተለመደው መነሻው 70 ነው። ሐን ወደ ራሴ እንዲመልስ አድርጌ ስሞክረው አንድ ጥሪ እስኪሞት ድረስ ቻናሎቹን ሁሉ አጣበበ። አሁን ከአንድ መስመር የገባ ጥሪ በዚያው መስመር እንዳይወጣ ተከልክሏል፤ ቆጣሪውም ከእኔ ሲወጣ ከ10 አይበልጥም።

የቀረኝ የታሪፍ ፋይሉ የሚጸናበት ቀን ነው። አዲስ ዋጋ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሲጸና ዛፉን እየሠራ ሳለ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አልነካካውም፤ አዲስ ዛፍ ጎን ለጎን ይተከላል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ ወደ እሱ ይዞራል። ከእኩለ ሌሊት በፊት ተነሥቶ ከዚያ በኋላ የሚዘጋ ጥሪ በተነሣበት ሰዓት ዋጋ ይታሰባል፤ የእያንዳንዱ መስመር ውል ይህንኑ ይል እንደሆነ ግን ለየብቻው መነበብ አለበት፣ ስለዚህ ደንቡን ፕሮግራሙ ውስጥ ሳይሆን የመስመሩ መዝገብ ላይ ነው የምጽፈው።